በቅጽ የሚወረድ ቁልቁለት

ጧ! ጧ! ጧ! ጧ!

ጭብጨባ ነበር። ተራራው አልታየም፣ ካምፑ አልታየም፣ አጨብጫቢውም አልታየም። ጉም አውቶቡሱን ውጦት፣ ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ መንገዱን በግምት ሲነዳ፣ ከላይ መቶ ሰው የሚያጨበጭብ የሚመስል ድምፅ ወረደባቸው።

«ለማን ነው?» አለ እንቁላሉ።

«ለኛ ነዋ!» አለ ከጎኑ የተቀመጠው የግዢ ሠራተኛ፣ ክራቫቱን እያጠበቀ።

«ምን አደረግን?»

«መጣን እኮ!»

እውነቱን ነው። ከመምጣት የሚበልጥ ጀግንነት የት ይገኛል? ስንቱ ጎበዝ ሳይመጣ ቀርቷል! ሃያ ሦስቱም ሠልጣኞች ደረታቸውን ነፍተው ከአውቶቡሱ ወረዱ። ጉሙ ሲገለጥ መቶው አጨብጫቢ አንድ ሰው ሆኖ ተገኘ። እሱም አሠልጣኙ ነበር። ድምፅ ማጉያ ፊት ቆሞ ብቻውን ያጨበጭባል።

መሥሪያ ቤቱ ሠራተኞቹን ለምን ብስክሌት ላይ ሊያወጣ እንደወሰነ የሚጠይቅ ካለ፣ ነገሩ በጥናት የተደገፈ ነው። ባለጉዳዮች ፋይላችን ዘገየ ብለው አቤት አሉ። ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ኮሚቴውም አጠና። ጥናቱ እንደማንኛውም ጥሩ ጥናት ችግሩን በአጠገቡ አልፎት ሄደና፣ ሠራተኛው በራሱ ስለማይተማመን ሲፈርም እጁ እንደሚንቀጠቀጥ ደረሰበት። እጅ ላለመንቀጥቀጥ ደግሞ የተራራ ቁልቁለት በብስክሌት እንደመውረድ ያለ መድኃኒት የለም። ስለዚህ አንድ ሰርኩላር ወጣ፦ «ከዛሬ ጀምሮ የችሎታና በራስ የመተማመን የምስክር ወረቀት የሌለው ሠራተኛ ለማንኛውም የኃላፊነት ቦታ አይታጭም።»

እንቁላሉን ከቤቱ ያወጣው ይህ ሰርኩላር ነው።

እንቁላሉ የእናት የአባት ስሙ አይደለም። መዝገብ ቤት ምክትል ሆኖ አሥራ አንድ ዓመት ሲሠራ፣ ፋይል ፍለጋ የመጣ ሁሉ «ቶሎ በልልን እንጂ!» ሲለው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እያለ ይመልስ ነበር። ሰው ተረቱን ለእሱ ትቶለት ስሙን ወሰደበት። በእነዚያ ዓመታት አንድ ፋይል አልጠፋበትም፣ አንድ የተሳሳተ ቁጥር ከእጁ አልወጣም። ከሹመት ያስቀረው ይኸው ነው ይላሉ ጠላቶቹ። ወዳጆቹም የሚሉት እንደዚያው ነው። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ጡረታ ከወጡ አምስት ወር ሆኗል። ወንበራቸው ባዶ ነው። እንቁላሉ ጠዋት ጠዋት አቧራውን ይጠርግለታል፤ አንድ ቀን ግን ተቀምጦበት አያውቅም።

ሥልጠናው ተጀመረ። ቁልቁለቱ ውጭ ስለሆነ ሥልጠናው አዳራሽ ውስጥ ነበር። ከፊት ባለ ጠረጴዛ ላይ ነጭ ጨርቅ የለበሰ ነገር ቆሟል። አሠልጣኙ ጨርቁን ሲገፈው ብስክሌት ሆነ። ተጨበጨበለት።

«ወንድሞቼና እህቶቼ! ድንጋይ የሚባል ነገር የለም! ያለው ድንጋያማ አስተሳሰብ ነው! ቁልቁለት ማለት ደግሞ ከላይ ሆነን ስናየው የተሳሳትነው ዳገት ማለት ነው!»

ማንም አልገባውም፤ በዚህም ምክንያት ሁሉም ማስታወሻው ላይ ጻፈው።

እንቁላሉ እጁን አወጣ። «ይቅርታ፣ ፍሬኑ የትኛው ነው?»

አሠልጣኙ ጥርሱ እንደታመመ ሰው ዓይኑን ጨፈነ።

«ወንድሜ፣ ገና ሳትነሳ ስለ መቆም ታስባለህ?»

«እንቁላል ስለ መሰበር ቢጨነቅ ምን ይፈረድበታል!» አለ ግዢው፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ከምሳ በኋላ ግድግዳው ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። «በካምፑ ቅጥር ግቢ ‹ፍሬን› የሚለው ቃል የሠልጣኞችን ሞራል የሚነካ ሆኖ ስለተገኘ ከዛሬ ጀምሮ የተከለከለ ነው። የግድ መጥራት ሲያስፈልግ ‹የፍጥነት አስተያየት መስጫ› ይባል።»

የቀኑ ፍሬ የሚለካው ከሻይ በፊት በሚሞላ ቅጽ ነው። ቅጹ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ አለ፦ ዛሬ በራስዎ ላይ ያለዎት መተማመን ከአሥር ስንት ነው? ከሥሩ ደቃቅ ፊደል አለ። ከስምንት በታች የጻፈ ለራሱ ደኅንነት ሲባል ቁልቁለቱን እንዳይረግጥ ይላል። አሥር የጻፈ ደግሞ ብቃቱ ስለተረጋገጠ ዳግመኛ አይፈተንም። ቅጹን ያዘጋጀው ሰው ሁለቱን አንቀጾች አንድ ቀን ባንድ ላይ አንብቧቸው እንደሆነ አይታወቅም።

ግዢው ጥያቄው ተነብቦ ሳያልቅ አሥር ጻፈ። ሌሎቹም ጎናቸውን እያዩ አሥር አሥር አሉ። እንቁላሉ ግን የመዝገብ ሰው ነውና ከመጻፉ በፊት ማጣራት ነበረበት። በመስኮት ቁልቁለቱን አየ። እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ ድረስ ዘጠኝ ትላልቅ ድንጋይ ቆጠረ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ አይታይም። አራት ብሎ ጻፈ።

ባለቤቱ ስትደውል ውሃ ማጠራቀሚያው ጀርባ ቆሞ አነሳው፤ ኔትወርክ ያለው እዚያ ብቻ ነው።

«ስንት ጻፍክ?»

«አራት።»

«አራት?! አንተ ሰውዬ ጤና የለህም? ሰዉ አሥር እያለ!»

«ሰዉማ ቁልቁለቱን አላየውም።»

«አንተስ ማን እይ አለህ?»

«አይ እንግዲህ...»

«ስማ፣ ያ ወንበር እኮ ነው! ስንት ዓመት ሙሉ እራት ላይ ያወራኸኝ ወንበር! ምናለ አሥር ብትል? እስክሪብቶው እንደሆን ያው ነው።»

«ፋይል ውስጥ ይገባል እኮ።»

«ይግባ!»

«ፋይል ውስጥ ከገባ እውነት ይሆናል።»

«ታዲያ የሚጻፈው ለዚሁ አይደል እንዴ!»

ሴትዮዋ መሥሪያ ቤት ገብታ አታውቅም፤ አሠራሩን ግን ከሁሉም አብልጣ ታውቀዋለች።

በማግሥቱ ንጋት ላይ፣ ሌሎቹ መስታወት ፊት ቆመው «እችላለሁ! እችላለሁ!» የሚለውን የጠዋት ግዴታቸውን ሲወጡ፣ እንቁላሉ ወደ ብስክሌት መጠገኛዋ ቆርቆሮ ቤት ወረደ። ጠጋኟ እጇ እስከ ክርኗ ግራሶ ነክቶት ጎማ ታሽከረክራለች።

«እህቴ፣ ይቅርታ... ፍሬኑ የትኛው ነው?»

መፍቻዋን አስቀምጣ አየችው። «ጋሼ፣ እዚህ ቤት ሦስት ዓመቴ ነው። የትኛው ብስክሌት ፎቶ ላይ እንደሚያምር የጠየቀኝ ብዙ ነው። ፍሬን የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው እርስዎ ነዎት።»

«ቃሉ ተከልክሏል ብለዋል።»

«እኔ ጋ አልተከለከለም። እኔ ጋ ክልክሉ ያልጠበቀ ብሎን ነው።»

ከቆርቆሮ ቤቱ ጀርባ ቤት የሚያህል ጉብታ አለ። ምልክት ስላልተተከለበት በደንቡ መሠረት ቁልቁለት አይደለም፤ ስለዚህ ባለ አራቱ ሰው ቢወርድበት ሕግ አልተጣሰም። አንድ አዲስ ብስክሌት ከነመጠቅለያ ላስቲኩ አውጥታ ቀደደችለት። ኮርቻውን ዝቅ አደረገችው።

«የግራው የፊቱን ጎማ ይይዛል፣ የቀኙ የኋላውን። በሁለት ጣት ብቻ! ጨምድደው ከያዙት በአናትዎ ነው የሚሄዱት። አይቀመጡ፣ ፔዳሉ ላይ ይቁሙ። ወደ ኋላ ሸሸት ይበሉ። ጉልበትና ክርን ላላ።»

ወረደ፤ ወደቀ። ደግሞ ወረደ፤ ደግሞ ወደቀ።

«ድንጋዩን አይዩት ጋሼ! ያዩት ነገር ላይ ነው የሚወጡት!»

«ድንጋይ እኮ የለም ተብሏል።»

«እንግዲያው በሌለው ድንጋይ ነው ጉልበትዎ የተላጠው!»

ሦስት ጊዜ ወድቆ በአራተኛው ቆሞ ወረደ። ከሻይ በፊት ቅጹ ሲመጣ የተላጠ ጉልበቱን እያሰበ ሦስት ጻፈ። በሦስተኛው ቀን ጠጋኟ ትልቁን ቁልቁለት በእግር አስወረደችው። በየመታጠፊያው እያቆመች አሳየችው፦ እዚህ ጋ አፈሩ ይሸሻል፣ እዚህ ጋ የዛፍ ሥር አለ፣ እዚህ ጋ ከመታጠፍ በፊት እንጂ እየታጠፉ ፍሬን አይያዝም። ያን ቀን ሁለት ጻፈ። ባወቀ ቁጥር የሚፈራው ነገር በዛ፤ የሚፈራውን ባወቀ ቁጥር ደግሞ እጁ ረጋ። ለዚህ ዓይነቱ ነገር ግን ቅጹ ላይ ቦታ አልተተወለትም።

አሠልጣኙ በአራተኛው ቀን ቢሮው አስጠራው። ግድግዳው ላይ ባለቀለም ግራፍ ተሰቅሏል።

«ተመልከት። የሃያ ሁለቱ መስመር ላይ ነው። ጣሪያ ነክቷል! ያንተ ብቻ ቁልቁል ይወርዳል።»

«ካምፑ የቁልቁለት አይደል እንዴ?»

«አትቀልድ ወንድሜ! እኔ ይሄን ሪፖርት ምን ብዬ ነው የማቀርበው?»

«እኔ የምለው፣ ከስምንት በታች የሆነ አይወርድም። አሥር የሆነም አይፈተንም። ታዲያ ማን ነው የሚወርደው?»

አሠልጣኙ ከልቡ ግራ ገባው። «ለምን ይወረዳል?»

አምስተኛው ቀን የምረቃ ቀን ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ከነተከታዮቻቸው መጥተው በተራራው ግርጌ ድንኳን ሥር ተቀመጡ። አሠልጣኙ ሠልጣኞቹን ከላይ አሰልፎ፣ ግራፉን ጠቅልሎ ይዞ፣ ወርዶ እንዲያብራራ እስኪጠራ ይጠብቃል። በአምስት ቀን ውስጥ ከእንቁላሉ በቀር የብስክሌቱን መጠቅለያ ላስቲክ ያስቀደደ የለም፤ ዛሬ ለክብር ተላጡ። ስልክ ጮኸ።

«በል እንግዲህ፣ ይውረዱ!» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«ምን... ማለት... በመኪና?»

«በብስክሌት ነዋ! ለምንድን ነው የመጣሁት?»

አሠልጣኙ ወደ ሠልጣኞቹ ዞረ። ሃያ ሁለቱ አሥሮች የጫማቸውን ክር ማሰር ጀመሩ። ክር የሌለው ጫማ ያደረጉትም ጎንበስ አሉ።

«የት አለ የግዢው ጀግና? አንተ በመጀመሪያው ቀን ነው አሥር የገባኸው!»

«ለዚያ እኮ ነው» አለ ግዢው። «አሥር ማለት የሞላ ማለት ነው። በሞላ ዕቃ ላይ አይጨመርም፣ ይፈሳል።»

«አንቺስ?»

«እኔም አሥር ነኝ» አለች ከሰልፉ አንዲት ጸሐፊ፣ «ግን መተማመኔን ለልጆቼ ነው ያስቀመጥኩት።»

«አንተ ራስህ ለምን አርአያ አትሆነንም?» አለ ግዢው።

«እኔ የአሠልጣኞች አሠልጣኝ ነኝ!» አለ አሠልጣኙ፤ ላቡን ጠረገ። ስልኩ ደግሞ ጮኸ። «ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ መተማመናቸው ከመጠን በላይ ስለሆነ ቅድሚያውን ለማን እንስጥ ብለን ተቸግረን ነው!»

እንቁላሉ እንደ ደንቡ ከሰልፉ ውጪ ቆሞ የሌሎቹን ቦርሳ ይጠብቅ ነበር። ቦርሳዎቹን አንድ በአንድ መሬት አስቀመጠና ዳር ላይ የቆመውን ብስክሌት ያዘ። ጠጋኟ መጥታ የራስ ቁሩን ማሰሪያ አገጩ ሥር አጠበቀችለት።

«ከመታጠፊያው በፊት፣ እሺ ጋሼ?»

«ፈርቻለሁ።»

«እኔም ሁሌ እፈራለሁ። ይሂዱ።»

ሄደ። አሠልጣኙ ሲያየው ግራፉ ከእጁ ወደቀ።

«ቁም! አንተ ሁለት ነህ! ሁለት መውረድ አይችልም! ፍሬን! ፍሬኑን ያዝ!»

ቃሉ ከተከለከለ ወዲህ በካምፑ ውስጥ በአደባባይ ሲነገር የመጀመሪያው ነበር። እንቁላሉ ደግሞ ይዞታል፤ በሁለት ጣት። ዘጠኙን ድንጋይ በመሐላቸው አለፈ። አፈሩ የሚሸሽበት ጋ ሲደርስ ጣቶቹ ላልተው ጠበቁ፣ ላልተው ጠበቁ። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ጎማው አንድ የዛፍ ሥር ላይ ተንሸራቶ ብስክሌቱ ጎኑን ሰጠ። ዓይኑን ከሥሩ ነጥቆ መንገዱ ወደሚወጣበት ወረወረው፤ ብስክሌቱም ዓይኑን ተከትሎ ተቃና። ከላይ እስከ ታች ድረስ አንዲት ደቂቃ እንኳ ሳይፈራ አልቆየም። የድንኳኑ ገመድ ጋ ሲደርስ ቆመ። እግሩን መሬት ሲያስነካም እጁ አልተንቀጠቀጠም።

ሥራ አስኪያጁ ከወንበራቸው ተነስተው አቀፉት። «ይሄ ነው አሥር! ይሄ ነው አሥር ማለት!» ፎቶ ተነሱ።

ጥቂት ቆይቶ ሃያ ሁለቱ በጭነት መኪና፣ ብስክሌታቸውን አቅፈው፣ እርስ በርስ ተያይዘው ወረዱ። ግዢው ከመኪናው ከመውረዱ በፊት ጉልበቱን ጭቃ ቀባ አድርጎ ነበር። እሱም ፎቶ ተነሳ፤ እንዲያውም ፎቶው ላይ ከሁሉም የተሻለ የወረደ የሚመስለው እሱ ነው።

ወዲያው የግምገማ ስብሰባ ተቀመጠ። በግርጌው ባለች አንዲት ክፍል፣ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ሥራ አስኪያጁ፣ አሠልጣኙ፣ ግዢውና እንቁላሉ ነበሩ። ቃለ ጉባኤ መያዝ የመዝገብ ቤት ሥራ ስለሆነ እንቁላሉ የራስ ቁሩን ሳያወልቅ እስክሪብቶ ተሰጠው። አሠልጣኙ የእንቁላሉን ቅጽ ለሥራ አስኪያጁ አቀበለ። አነበቡት። መነጽራቸውን አውልቀው ደግመው አነበቡት።

«ሁለት?»

«ሁለት» አለ አሠልጣኙ፣ የሰው ነውር እንደሚያወራ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ሁለት የሆነ ሰው ነው እንዴ ያቀፍኩት? በካሜራ ፊት?»

«በደንቡ አንቀጽ ሦስት መሠረት፣ በቂ መተማመን ሳይኖረው መውረዱ ጥፋት ነው» አለ አሠልጣኙ።

«ልጨምርበት» አለ ግዢው፣ «እኛ አሥር የሆንነውን በመኪና ወረዱ ሊያስብለን ነው። ይሄ የሥራ ባልደረባን ማዋረድ አይሆንም?»

ሥራ አስኪያጁ ደግ ሰው ናቸው። ቅጹን ገፋ አድርገው እንቁላሉ ፊት አስቀመጡት፤ ከኪሳቸውም ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ አውጥተው ከጎኑ ዘረጉ።

«ስማኝ፣ ነገሩን አናክረው። ይሄ የመዝገብ ቤት ኃላፊነት ሹመት ነው፤ ፈርሜበታለሁ፣ የቀረው ስም ብቻ ነው። ሁለቷን ሰርዝና አሥር በል። በቃ! ጥፋትም የለም፣ ሁለትም የለም። እምቢ ካልክ ግን ግዢው አሥር አለው፣ ፎቶ አለው፣ ጭቃም አለው። የእሱን ስም እጽፋለሁ።»

«ስወርድ ሁለት ነበርኩ ጌታዬ።»

«እሺ ይሁን! አሁንስ? ከወረድክ በኋላ ስንት ነህ?»

እንቁላሉ ጥያቄው ተገቢ መሰለውና በቅንነት አሰበበት።

«አሁንማ ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ያለውን ሥር በደንብ አወቅሁት። አንድ ተኩል።»

አሠልጣኙ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

«ሹመቱን አትፈልገውም ማለት ነው?» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«እፈልገዋለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ፈልጌዋለሁ።»

«ታዲያ ጻፋ!»

እስክሪብቶው እጁ ላይ ነው። ቅጹ ፊቱ ነው። ደብዳቤው ላይ ለስም የተተወችው ባዶ ቦታ የጣት ስፋት አትሞላም። ግዢው ጉልበቱ ላይ የደረቀውን ጭቃ በጥፍሩ ይፍቃል።

እንቁላሉ እስክሪብቶውን ከደነ። ቃለ ጉባኤው ላይ አስተኛው። የወረቀቶቹን ጠርዝ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አስተካከለ። ተነሳ፣ ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰ፣ በሩን ከፍቶ ወጣ።

«የት ሄደ?» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«ሽንት ቤት ይሆናል» አለ ግዢው።

ጠበቁት። ሻይ መጣ፤ ቀዘቀዘ። ቢጨንቃቸው ሥራ አስኪያጁ ቆጣ ብለው «ያለ ፈቃድ ስብሰባ ረግጦ መውጣቱ ይመዝገብ!» ሲሉ አዘዙ፤ ሦስቱም ወደ መዝጋቢው ወንበር ዞሩ። ወንበሩ ባዶ ነው። ቃለ ጉባኤ መያዝ ደግሞ የሌላ ክፍል ሥራ ስላልሆነ እስክሪብቶውን ለማንሳት የደፈረ አልተገኘም። በመሥሪያ ቤቱ አሠራር ያልተጻፈ ነገር አልተደረገም። በሰነዱ መሠረት እንቁላሉ ዛሬም እዚያው ተቀምጧል፤ እስክሪብቶውን ይዞ እያሰበበት ነው።